የማስፋፊያ ኮሚቴው ክፍል

ከፒያሳ ወደ ጉዱማሌ በሚሄደው ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ እናቷ ጭን ላይ ያለችውን ትንሽ ልጅ አናገሯት።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

እናትየዋ ቀደመቻት። «አልገባችም፣ አባባ። ዘንድሮም ቦታ የለም አሉን።»

«አይዞሽ ልጄ፣ የከተማው ምክር ቤት ወስኗል እኮ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ሊስፋፋ ነው። እኔ ራሴ የማስፋፊያ ኮሚቴው ውስጥ ነኝ።»

«አምና አዲስ ክፍል ተሠርቶ አልነበር እንዴ? እኛም አዋጥተናል።»

«ተሠርቷል። ለአንደኛ ክፍል ልጆች ተብሎ ነበር።»

«ታዲያ ማን ገባበት?»

«ኮሚቴው። ቢሮ እስኪሰጠን ነው።»

«ቦታ የለም ተብሎ የሚመከረው እዚያው የልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው?»

«ለጊዜው ነው አልኩሽ። ደግሞ ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ።»

«እስካሁን ምን ሠራችሁ?»

«ገና ውይይት ላይ ነን። ወንበሮቹ የልጅ ስለሆኑ ወገባችንን ፈጁት፤ እነሱን አስቀይረናል።»

«ከገባችሁ ቆያችሁ?»

«ይኸው ሁለተኛ ዓመታችን።»

«አንደኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት! ደጋሚዎች ናችኋ፣ አባባ!»

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሽማግሌው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ፤ እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም።

«እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘንድሮም የማታልፉ ከሆነ ቦታውን ለልጄ ልቀቁላት።»

እኔም አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የከተማ አስተዳደሩን ባጅ ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።