ሰርጉ በሁለት ዲስክ ይሁን

የሰርጋችሁን ሲዲ ከፍታችሁ፣ «እነዚህ በካሬ በካሬ የተከፋፈሉት ሰዎች ዘመዶቼ ናቸው?» ብላችሁ አታውቁም? ብላችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሲዲውን የሠሩላችሁ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ ትርፌ ናቸው ማለት ነው።

እትዬ ወደ ቪዲዮ ክፍላችን የመጡ ቀን እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የነገሩኝ ባልደረባችን አቶ ጠና ናቸው። ከዳምቦያ ሲመጡ አቧራ እንዳይነካው ብለው ካሜራውን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውታል። ጥበቃው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸውና፣ «እሰይ! ወንድ ነው ሴት?» አለ።

«ፓናሶኒክ ነው» አሉ እትዬ።

ሳቁ፣ ሳቁ! ግን ከመካከላችን እሳቸው ያልተቆጡት ማን አለ? ፓስተሩን እንኳ በስብከት መሃል፣ «መስኮቱን ከጀርባዎ አድርገው ፊትዎ ጠቁሯል፤ ወደዚህ ዞር ይበሉ!» ብለዋቸዋል። ዞሩ። ምዕመኑም አብሮ ዞረ።

የጊምቢቹዋ ሙሽራ አያትስ? ስጦታ ያመጣው እንግዳ ሁሉ ይታይልኝ አሉ፤ ያውም በአንድ ዲስክ።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ከጠቀጠቅነው ምስሉ በካሬ በካሬ ይከፋፈላል። ለሁለት እንክፈለው።»

«ወዲያ! ትዳሩን ለሁለት ልትከፍይብኝ ነው?»

«ትዳሩ አንድ ነው። እንግዶቹ ሁሉ በአንድ ዲስክ ከገቡ ግን እርስዎ አፍንጫ አይኖርዎትም።»

አያት አፍንጫቸውን ዳሰስ አደረጉ። ሁለት ዲስክ ይዘው ሄዱ።

እትዬ፣ ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ ስለ አዲስ ኮምፒውተር ብቻ ነበር የማወራው። እርስዎ ሰምተውኝ፣ «ጥሩ ነው፤ እንሞክረው» አሉ። የካሴት ማጫወቻውን እርስዎ አጸዱ፣ ደብዛዛውን ቀለም እኔ አስተካከልኩ፤ ኤልሳቤጥ ካመጣችልን ያረጀ ካሴት ውስጥ አባቷ ጥርት ብለው ወጡ። ኤልሳቤጥ አባቷን የምታውቃቸው በኮስታራ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። «አባዬ ይስቃል እንዴ?» ብላ አለቀሰች። ስለዚያች ቀን ብቻ እንኳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ግን ቁም ሣጥናችን ገና ሙሉ ነው። ከቦኖሻ ሳይቀር ሰው አምኖ የሰጠን የሰርግና የልደት ካሴት እርጥበት እየበላው ነው። ማጫወቻችንም አንድ ብቻ ነች፤ ጠባይዋን የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ከቀሩ እነዚያ ፊቶች አብረው እንዳይጠፉ እፈራለሁ።

እንግዲህ አምቦ ውሃም የያዘ፣ ለስላሳም የያዘ ብርጭቆውን ያንሣ! ለእትዬ ጤና፣ የልጅ ልጅ፣ መብራት የማይጠፋበት ቤት!

ኃላፊያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ ይከፈት ብለዋል። ካሴት ያላችሁ አምጡ፤ ጊዜ ያላችሁ ኑና አግዙን። እትዬ፣ እርስዎስ ይመጣሉ? ማይኩ ይኸውልዎት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልን።