የኋላው ደረጃ

በደርግ ጊዜ ከዚራ የሚባል ሰፈር ባለ ሦስት ፎቅ የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር የኋላውን ደረጃ ቆልፎ የኅብረት ሱቁን ስኳርና ላምባ ያከማችበታል። እሳት ቢነሳ መውጫ እንደሌለን ሁላችንም እናውቃለን፤ ትንፍሽ የሚል ግን የለም። አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጣና ሰብስቦን «ችግር አለ?» አለ። ሊቀመንበሩ ቀድሞ «ምንም የለም ጓድ» ሲል እኛ አቀረቀርን። ያኔ ላይኛው ፎቅ የምትኖረው አዴ ፋጡማ፣ «ወላሂ አለ! እሳት ቢነሳ በየት ልንወርድ ነው? በመስኮት?» አለች። አሁን ይወስዷታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ተቆጣጣሪው ግን ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ «የደረጃውን ቁልፍ አምጣ» አለው። ጠፍቷል ቢለው፣ «እስኪገኝ እጠብቃለሁ» ብሎ በሩ ሥር ቁጭ አለ። ቁልፉ ወዲያው ተገኘ። ጎረቤቱ ሁሉ ተጋግዘን ጆንያና በርሜል ስናወጣ ሊቀመንበሩ አዴ ፋጡማን ጠጋ ብሎ፣

«አንቺ፣ እኔን አትፈሪም?» አላት።

«ፈራሁህ እንጂ! እሳቱን ግን ከአንተ አብልጬ ፈራሁ።»

ትክ ብሎ አያትና ሳቅ አመለጠው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ከእኛው ጋር ጆንያ ተሸከመ።