ሰው በላ ፊልም በፍልሰታ

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሰላ ጋሪ ላይ አንዲት ነርስና አንድ አዲስ አስተማሪ ከጎኔ ያወራሉ።

«እሁድ ቪዲዮ ቤት ሰው በላዎቹን ያሳያሉ፤ አብረን እንይ» አላት።

«የትኞቹን? የደሴቶቹን?»

«አይተሻቸዋል እንዴ?»

«ደጋግሜ። እኔ የምወደው ግን የጫካዎቹን ነው። የደሴቶቹ ሰውዬውን ይቀቅሉታል፤ የጫካዎቹ በጥሬው ነው።»

«ያለ ሚጥሚጣ?»

«እሱ ነው ያናደደኝ።»

«በቃ፣ የጫካዎቹን እናስከፍታለን።»

«በፍልሰታ?»

«ማየት አያስገድፍም እኮ።»

«አንተ እኔን አታውቀኝም። ባለፈው ፊልሙ እንዳለቀ በቀጥታ ሥጋ ቤት ነው የገባሁት።»

«ታዲያ አትመጪም ማለት ነው?»

«ጾሙ ይፈታና እመጣለሁ። ከፊልሙ በኋላ ግን ቁርጥ ትጋብዘኛለህ።»

እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ መውረጃዬን አለፍኩት።