የወይዘሮ አገኘሽ ዜማ በአዲስ ምት

እህታችንን ለመሸኘት ከጨንቻም ከጫኖም ተነሥታችሁ በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ዘካሪያስ የወይዘሮ አገኘሽ ዳናን ዜና ሕይወት አነብላችኋለሁ።

ወይዘሮ አገኘሽ ከአባታችን ከአቶ ዳና ጮራሞና ከእናታችን ከወይዘሮ ባዩሽ በ1936 ዓ.ም. በጨንቻ ተወለዱ። እናታችን በየሠርጉ የሚፈለጉ ዘፋኝ ነበሩና፣ እህታችን ገና ልጅ ሳሉ የጋሞኛውን የሙሽራ መሸኛ ዜማ ከእርሳቸው ለመዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ጋር በተክሊል ከተጋቡ በኋላ፣ ባለቤታቸው በአርባ ምንጭ የመንግሥት ሥራ ሲያገኙ አብረው ወርደው፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እያስጫኑ በመነገድ ሦስት ልጆች አሳደጉ፤ ለሠርግ በተጠሩ ቁጥርም የእናታችንን ዜማ ያወጡ ነበር።

እያደር ግን ሠርጉ ሁሉ በካሴት ሆነና፣ እርሳቸው ለመዝፈን ሲነሡ ወጣቱ ከዳስ መውጣት ለመደ። "ይህ ዜማ ከእኔ ጋር መቀበሩ ነው" እያሉ ያዝኑ ነበር።

ሬዲዮ ጠጋኙ ልጄ እንድሪያስ በ1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ኪቦርድና የሂፕ ሆፕ ካሴቶች ይዞ መጣ። "አክስቴ፣ ዜማውን አልነካውም፤ ከሥሩ ሌላ ምት ላግባበት" ሲላቸው፣ ጥቂት አዳምጠው "እንግዲያው ቀስ አድርገው፤ ቃሉ ይሰማ" አሉት። የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም አቶ ሸዋንዳኝ ግን "የእናቶች ዜማ መቀለጃ አይሆንም፤ እንዲህ ከሆነ ለቤተልሔም ሠርግ አልመጣም" ብለው ተቆጡ። ቤተልሔም የእህታችን የበኩር ልጅ ናትና ነገሩ ከበዳቸው፤ አቶ ሸዋንዳኝ ቤት ድረስ ሄደው "እናቴ የዘፈኑት ተቀባይ ስለነበራቸው ነው፤ እኔ ተቀባይ አጣሁ። መጥተው ይስሙልኝ፤ ካልወደዱት እኔው አስቆመዋለሁ" ብለው ለመኗቸው።

በሠርጉ ዕለት ምቱ ጀምሮ፣ እህታችን ዜማውን ሲያወጡ፣ እንድሪያስም በየመሐሉ በጋሞኛ ፈጣን ግጥም ሲደረድር፣ ውጭ የቆሙት ወጣቶች ዳሱን ሞልተው አዝማቹን ከእናቶቻቸው ጋር ተቀበሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተቀባዮቹ መካከል የአቶ ሸዋንዳኝ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። በሠርጉ ላይ የተቀዳው ካሴትም እየተባዛ እስከ ምዕራብ ዓባያ ደረሰ፤ የሰፈር ልጃገረዶችም የቀሩትን ግጥሞች ሊማሩ ወደ ቤታቸው ይመጡ ጀመር። እህታችን በዚህ ፈጣሪያቸውን ያላመሰገኑበት ቀን አልነበረም።

አምና የጀመራቸው የሳንባ ሕመም በመጨረሻ ድምፃቸውን ወሰደው። እንዲያም ሆኖ ልጃገረዶቹ አልጋቸው አጠገብ ሲዘፍኑ ዜማውን ካበላሹ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሟቸው፣ ሲያቃኑትም ፈገግ ይሉ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በየካቲት 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ ሀብተጊዮርጊስን፣ ልጆቻቸውን ቤተልሔምን፣ አሸናፊንና ሚስጥርን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በጋሞ ምድር ብዙ ተቀባዮችን ትተው ሄደዋል። እርሳቸውን የሰጠንን አምላክ እያመሰገንን፣ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ እናቶቻችን መካከል እንዲያሳርፍልን፣ ለእኛም መጽናናቱን እንዲሰጠን እንለምነዋለን። አሜን።