መጥፋት የማያውቀው ኮምፒዩተር

ነይ ሌምፒ፣ ግቢ። ጫማሽን እዚያው አውልቂው፣ በረዶውንም አራግፊው። ዳሌሽ እንዴት ነው? የእኔ ጉልበት እንደሆነ ራዲዮው ዛሬ ያወራውን ከትናንት ወዲያ ነው ነግሮኝ የጨረሰው። መንገዱን እስከ ሀንኮክ ዘግተውታል አሉ። እንኳንም ጎረቤት ሆንሽ። በይ ተቀመጪ፣ ፓስቲው ገና ከምድጃ መውጣቱ ነው፤ ሊጡ ውስጥ የታሸገው ሥጋውም ድንቹም ሳይቀዘቅዝ ብዪ።… በሩን ግን አትዝጊው። ሳሎን ሰው ተቀምጧል፣ ሙቀቱ ይድረሰው። ወሬያችን አብሮ ቢደርሰውስ ምን ይጎዳዋል? ስለ እሱ አይደለም የማወራሽ።

ስለ አንድ የማውቀው ሰው ነው። ልጄን ያገባ ሰው ነው እንበል። ስሙን ግን ምን በደለኝና አነሳዋለሁ? ስም የሚነሳው ለሐሜት ነው፤ እኔ ላመሰግነው ነው።

የተማረ ነው፣ ሌምፒ። የተማረ ይግደለኝ ይሉ የለ? እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት፣ በተማረ እጅ መሞት ይህን ያህል እንደሚዘገይ ከየት ልወቅ?

ታላቅ እህቴን ሲልቪን ታውቂያት የለ፣ ዱሉዝ ከተማ ያለችዋን? ትኩሳቱ በልጅነቷ ጆሮዋን ወሰደባት፣ ምላሷን ግን አልነካውም። ስልክ ለእሷ ግድግዳ ነው። ከንፈር ነው የምታነበው። ከንፈርሽን ካየች ዋጥ ያደረግሽውን ሳይቀር ትነግርሻለች። ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔ በእኔ ኮምፒዩተር እሷ በእሷ፣ በካሜራው ፊት ለፊት እየተያየን እንጫወት ነበር። ይሠራ ነበር። ጥፋቱም ይኸው ነው… ይሠራ ነበር።

በኅዳሩ የምስጋና በዓል ያ ደግ ሰው መጣና «እማማ፣ ይኼ ኮምፒዩተር እኮ ይሰልልዎታል» አለኝ። ምኔን? ካልሲ ስሠራ? ብቻ ለእኔ አስቦ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ከሥሩ ነቀለና ሊኑክስ የሚሉትን፣ ምልክቱ ፔንግዊን የምትባል ወፍ የሆነውን ጫነልኝ። «ነፃነት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራዬ ከሥራ ሁሉ ነፃ ወጣ።

ለካስ ካሜራና ኮምፒዩተር የሚያግባባቸው አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ድራይቨር ይሉታል። ካሜራውን የሠሩት ሰዎች ለባለ ፔንግዊኑም አዘጋጅተው፣ ውሰዱና ጫኑ ብለው አስቀምጠዋል። ያ ሰው ይወስዳል? «የተዘጋ ነው፤ ውስጡን ያላየሁትን ነገር አልጭንም!» እንዴት ያለ ጥንቁቅ ነው በይ! የእኔን ፓስቲ ግን አንድ ቀን ከፍቶ አይቶት አያውቅም። ሦስቱን እንዳሉ ነው የሚውጣቸው። ምን ያህል ቢያምነኝ ነው?

ስለዚህ ውስጡ የሚታየውን ፍለጋ ተቀመጠ። የኮምፒዩተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ሲዘራ ይውላል። እሑድ ይሄዳል፣ እሑድ ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? የእኛ እንቁላል እግር አወጣ፣ ቡት ጫማ አደረገ፣ ደጁን ሁለት ጊዜ ጠረገ… ካሜራው ግን ገና ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ ወንድሞቹንም አማከረ። እነሱም እንደሱ ደጎች ናቸው። አንዱ መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ አለው፣ ሌላው ካሜራውን ወርውረው አለው፣ ሌላው ይኼን ፔንግዊን ተውና የእኔን ዓይነት ፔንግዊን ጫን አለው። አንድ ተራ ሰው ግን «አጥፍተህ አብራው» ብሎት ኖሯል። አቤት የሳቀው ሳቅ! ለእነሱ እኮ ኮምፒዩተር ማጥፋት ነውር ነው። የማን ኮምፒዩተር ስንት ጊዜ ሳይጠፋ እንደቆየ ይጻጻፋሉ፤ ብዙ የቆየለት ይከበራል። የእኔው ሳሎን ከበዓሉ ጀምሮ ሳይጠፋ ተከብሮልኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይሠራበት በነበረው የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ እንኳ ያርፋል ይለኝ ነበር። እሱ ምን ያውቃል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ… ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ ሌምፒ። ምን ያስቅሻል?

ሲልቪ ደግሞ በየእሑዱ ጥቁር ሣጥን ስታይ ትውላለች። አብረዋት ያሉት የእህትሽ ካሜራ ተበላሽቶ ነው ብለው ጽፈው ቢያሳዩአት አላመነችም። «ፊቷን ምን አድርጌያት ደበቀችብኝ?» ብላ ላከችብኝ። ማክሰኞ ሐኪሞቹ ልቧን ሊከፍቱት ነው። በሰማንያ ስድስት ዓመቷ። ሄጄ እንዳላያት መንገዱ እንደምታይው ነው። የቀረን የዛሬ እሑድ ብቻ ነበር።…

አንቺ ፓስቲሽ ቀዘቀዘ እኮ።

ዛሬ ረፋድ ላይ በረዶው ሽቦውን ጣለውና መብራት ድርግም አለ። ከሳሎን የወጣውን ጩኸት አልሰማሽም? ሰው የሞተ መስሎኝ ተነሳሁ። የሞተው ያ ሳይጠፋ የከረመው ክብር ነው። በእውነት አዘንኩለት፤ እንባዬ እምቢ አለኝ እንጂ። መብራቱ ሲመለስ እሱ ፊውዝ ሊያይ ምድር ቤት ወርዶ ነበር። እኔ አላዋቂዋ የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ቁልፍ ተጫንኩት። ሌላ የማውቀው የለኝማ።

ካሜራዬ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች። ሲልቪ! ፀጉሯን ሳታበጥር፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ። መዳፏን መስተዋቱ ላይ አደረገች፣ እኔም የእኔን አደረግሁ። የተባባልነውን አልነግርሽም፤ የእኛ ነው።

ደግሞ የሠራው እሱ ነው፣ ማንም እንዳይክደው! ድራይቨሩ ለካ ተጭኖ ካለቀ ስንት እሑድ አልፎታል። አንድ ጊዜ መጥፋት ብቻ ነበር የቀረው። ይህችን ታህል ናት የጎደለችው።

ከምድር ቤት ወጥቶ ከኋላዬ ቆመና በሹክሹክታ አንድ ነገር አለ። እኔ አልሰማሁትም። ሲልቪ ግን ከትከት ብላ ሳቀች። «ከኋላሽ ያለው ምን እንዳለ ልንገርሽ? ‹ሳይጠፋም ሊሠራልኝ ደርሶ ነበር፣ ይቺ አሮጊት ገባችበት› አለ» አለችኝ። ካለንበት እስከ ዱሉዝ ድረስ፣ በሹክሹክታ የተባለውን! እንዲህ ከንፈር አጥርቶ የሚያሳይ ካሜራ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጥሩ አድርጎ ነው ያስተካከለው፣ ሌምፒ። በጣም ጥሩ አድርጎ።

በይ አንዱን ፓስቲ ለሳሎን አድርሺልኝ፤ ውስጡን ሳያይ ይብላ። እኔ አሮጊቷ ከምርቃት በቀር ምን እሰጣለሁ? ያን ሰው እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው፣ እንደ ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ይክረም። እንደኔ ለማርጀት ይብቃ፤ እሑድ እሑድ የሚናፍቀው አንድ ፊት አይጥፋበት። የልጅ ልጄ፣ ትንሿ ልጁም አድጋ እንደሱ የተማረ፣ እንደሱ ጥንቁቅ፣ ከእሱ በምንም የማያንስ ባል ታምጣለት። ያን ጊዜ ታዲያ… ሽቦ የሚጥል በረዶ ይዘንብለት።