የመምህር ኤቫሪስቶ ድድ

አውቶቡሱ ዘግይቷል። መምህር ኤቫሪስቶ ከመጠለያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ ክላርኔታቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ደግመው ደጋግመው አፋቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። በስኳር አገዳ በተከበበችው በዚያች የብራዚል ከተማ የሙዚቃውን ጓድ ሠላሳ ዓመት የመሩ ሰው ናቸው። ሰልፉን እየነፉ የሚመሩበት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ በዓል ሦስት ወር ቀርቶታል፤ የፊት ጥርሳቸው ግን እየተነቃነቀ የክላርኔቱን አፍ መያዝ አቅቷቸዋል።

ጃንዲራ ድንገት ያገኘቻቸው እዚያ ነው። በልጅነቷ ትራምፔት አስተምረዋታል፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የጥርስ ሐኪም ናት። መሐረቡ ላይ ደም አይታ ጠየቀቻቸው። ድዳቸው ከዓመት በላይ እንደደማ፣ በሚደማበት በኩል ብሩሽ ማስነካት እንደተዉ ነገሯት። እሷም ክሊኒክ መጥተው ጥርሳቸው ላይ የደደረው ቆሻሻ በመሣሪያ መፋቅ እንዳለበት ነገረቻቸው።

“ጎረቤቴ ድድ የሚያድን መብራት አለ ብላኛለች፤ እሱን አብሪልኝና ልሂድ። መፋቅ አልፈልግም፤ ወንድሜ ተፍቆ ነው ጥርሱ የረገፈው።”

“ወንድምዎ ሐኪም ዘንድ የሄዱት መቼ ነበር?”

“ሁሉም ከተነቃነቁ በኋላ።”

“እንግዲያው ያረገፋቸው መፋቁ ነው ወይስ መዘግየቱ?”

መምህሩ እንደገና መንጎራደድ ያዙ። እሷም አብራቸው እየተራመደች ስለ መብራቱ አስረዳቻቸው፤ በድዱና በጥርሱ መካከል በተከፈተው ኪስ ሰማያዊ ቀለም ይገባል፣ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ተሕዋስያኑን ይገድላል።

“ጥርስ ላይ የደደረውን ቆሻሻ ግን ብርሃን አያነሳውም። ምን ያህል እንደሚጠቅም እኛው ሐኪሞቹ ገና እንከራከራለን። መብራቱን ተዪ ብባል እተዋለሁ፤ መፋቁን ግን አልተውም።”

“ታዲያ መብራቱ ለምን አስፈለገ?”

“መሣሪያችን በደንብ የማይደርስበት ጥልቅ ቦታ ስላለ። ረዳት ነው፣ መምህር።”

“ጥርሴ ቢወልቅስ፣ ልጄ?” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ካልነፋሁ እኔ ምንድን ነኝ?”

“ሊወልቅ ይችላል፤ ቃል አልገባልዎትም። ከቆዩ ግን የሚወልቀው አንድ ብቻ አይሆንም።”

ኤቫሪስቶን ያሸነፋቸው ይህ አለመሸንገሏ ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ቤታቸውን አልፈው ከእሷ ጋር ክሊኒኩ ድረስ ሄዱ።

መፋቁ በማደንዘዣ አራት ቀጠሮ ፈጀ፤ መብራቱ ለየኪሱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ብሩሹና የጥርስ ክሩ የየዕለት ሥራቸው ሆነ፤ ይበልጡንም በሚደማው በኩል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መስታወት ባዩ ቁጥር ጥርሳቸውን በጣት እየነቀነቁ ሲጨነቁ ከረሙ። በሦስተኛው ወር ደሙ ቆመ፣ የአፋቸው ሽታ ጠፋ፣ የፊት ጥርሶቻቸው ጠበቅ አሉ፤ አንድ የመንጋጋ ጥርስ ብቻ ሳይተርፍ ተነቀለ። በበዓሉም ሰልፉን እየነፉ መሩ።

ዛሬ አዲስ ነፊ ሲቀበሉ አስቀድመው ስለ ድዱ ይጠይቃሉ። ይደማል ካላቸው እንዲህ ይሉታል፦ “ብሩሹን አትሽሽ፤ ዛሬውኑ ጃንዲራ ዘንድ ሂድ። መብራት ያስፈልግህ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ማጽዳቱ ግን ያንተ ነው።”