ገዋኔ መንገድ ዳር ሁለት ቀን ተተኪ የጠበቁት የአቶ አብተው ኢዩ ዜና ሕይወት

ክቡራን ሐዘንተኞች፣ ፀሐዩ እንደበረታባችሁና ብዙዎቻችሁ ቆማችሁ እንደምትሰሙ አውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ የማነብላችሁ የአንድን ሰው የልደትና የዕረፍት ቀን ብቻ ስላልሆነ፣ በተለይም የሰው መኪና ቁልፍ በኪሳችሁ ይዛችሁ ለመጣችሁ ሾፌሮች፣ መቆማችሁን የሚክስ ታሪክ እንደምትሰሙ ቃል እገባለሁ። አንባቢው የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ሾፌር ላልሆነው ሰው ግልጽ እንዲሆን አንዳንዱን ነገር ቆም እያልኩ ስለማስረዳ ታገሡኝ።

አቶ አብተው ከአባታቸው ከአቶ ኢዩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋና በ1957 ዓ.ም. በመቂ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ ክረምት ክረምት ሽንኩርት በመጫን ቤተሰባቸውን ሲረዱ ከቆዩ በኋላ ወደ አዳማ መጥተው በአንድ ጋራዥ ተቀጠሩ፤ ሞተር እያጠቡና እየፈቱ ከባድ መኪናን ከውስጡ ተማሩና በ1983 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው የጅቡቲን መንገድ ጀመሩ። በ1988 ዓ.ም. በመቂ የሽንኩርት ሚዛን ላይ መዝጋቢ የነበሩትን ወይዘሮ ዘውድነሽን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሁለት ሴት ልጆችን አፈሩ፤ ፍሬሕይወት ነርስ ሆና በዚሁ በአዳማ ታገለግላለች፣ ሊዲ ደግሞ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት።

በሠላሳ አምስት ዓመት አገልግሎታቸው አምስት ድርጅት የቀያየሩት አቶ አብተው፣ በሾፌሮች ዘንድ የሚታወቁት ድርጅትን በሚመዝኑበት መንገድ ነበር። መጀመሪያ የደሞዙን ላስረዳ። ሾፌር ሲቀጠር የሚነገረው ወርኃዊ ደሞዝና የውሎ አበል ነው፤ እሳቸው ግን የሚሰጠውን ገንዘብ ሁሉ ደምረው ከቤት ውጭ ለሚያድሩበት ቀን ያካፍሉት ነበር። ወደብ ላይ ወረፋ ተይዞ አሥር ቀን ሲቆም አበል የማይቆጥር ድርጅት፣ በወረቀት ላይ ትልቅ የመሰለው ክፍያው በዚህ ስሌት ከቀን ሠራተኛ በታች ይወርዳል። ሁለተኛውና ዋናው መመዘኛቸው ግን ገንዘብ አልነበረም። ቢሮ ገብተው ኃላፊ አይጠይቁም፤ የመኪና ማቆሚያው በር ላይ ይቆሙና የወጣ የገባውን ሾፌርና ጥበቃውን “መጨረሻ መንገድ ላይ የታመመባችሁ ሰው ማን ነው? በምንስ ተመለሰ?” ይላሉ። ጓደኞቻቸው “አብተው ሠርግ ሲጠራ እንኳ ባለፈው የተጋበዘው ሰው በምን እንደተመለሰ ሳያጣራ አይሄድም” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም እየሳቁ “ሳቁ፤ ስትመለሱ እናያለን” ይሏቸዋል።

ይህን ሁሉ ለሌላው ያስተማሩት ሰው ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ሳይጠይቁ ቀሩ። ምክንያቱን ሾፌሮች ትረዱታላችሁ፤ ሌላው እንዳይፈርድባቸው ላስረዳ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ያለፈበትን መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያ ድርጅት፣ ስሙን በዚህ በተቀደሰ ግቢ አልጠራውም፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር የቆጠረ መኪና አሳያቸው። ማታ ቤት ገብተው “ዘውዴ፣ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም” ሲሉ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው እንደነበር ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። ውሉን የፈረሙት በዚያው ቀን ነው። በወቅቱ የግቢው ጥበቃ የነበሩትና ዛሬ ከዚያ የወጡት አቶ ኑሬ ትናንት በሐዘኑ ድንኳን ተቀምጠው እንዲህ ብለዋል፦ “ሰላም ብሎኝ አለፈ፤ ዓይኑ መኪናው ላይ ነበር። ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ሚሌ ላይ ወባ የጣለውን ሾፌር የሌላ ድርጅት መኪና ከፍየል ጋር ጭኖ አምጥቶ እዚሁ በር ላይ እንዳወረደው እነግረው ነበር።”

አሁን ወደሚያመው ልግባ። ባለፈው ሳምንት አቶ አብተው አርባ ቶን ማዳበሪያ ጭነው ከጅቡቲ ሲመለሱ፣ ገዋኔ ከመድረሳቸው በፊት በቀኝ ጎናቸው ከእምብርታቸው በታች ጽኑ ሕመም ያዛቸውና ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቷቸው መንገድ ዳር ቆሙ። ለስምሪት ኃላፊው ሲደውሉ የተሰጣቸው መልስ “ጋሼ፣ ቁርጠት ነው፣ ትኩስ ነገር ይጠጡበት፤ ተተኪ እየላክን ነው፣ ብቻ ጭነቱን ጥለው እንዳይሄዱ” የሚል ነበር። ፍሬሕይወት ምልክቱን በስልክ ሰምታ ወዲያው ስለገባት “አባዬ፣ መኪናውን ተወውና ያገኘኸው ነገር ላይ ውጣ” ብላ ለመነቻቸው። “ልጄ፣ አርባ ቶን ማዳበሪያ ሜዳ ላይ በትኜ የት እገባለሁ?” አሏት። እዚህ ላይ ደግሞ ላስረዳ፤ ይህ ግትርነት አይደለም። ሾፌሩ ከመኪናው ከተለየ በኋላ የጎደለው ጆንያ ሁሉ ከሾፌሩ ላይ እንደሚቆረጥ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ውሉን አንብቤዋለሁ። ስለታመመ ሾፌር ግን አንድ መስመር የለበትም። ለማዳበሪያው ሦስት አንቀጽ ያረቀቀ ሰው ለሰውየው አንድ ቃል አጥቷል።

በማግስቱም ሲደውሉ “ተተኪው አዋሽ ደርሷል” ተባሉ። ተተኪው በዚያ ሰዓት ከአዳማ አልተነቃነቀም ነበር፤ ይህንን የነገረን ራሱ ተተኪው ነው። ሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዲዳ የተባለ የዚያው ድርጅት ሾፌር ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ አገኛቸው። ዲዳ ለማንም አልደወለም። የአቶ አብተውን መኪና ቆልፎ በአቅራቢያው ላለው የፖሊስ ኬላ አደራ ሰጠና እሳቸውን ደግፎ ጋቢና አስገብቶ የራሱን መኪና አዞረው። ልጃቸው ፍሬሕይወትም በሚኒባስ ወደ አባቷ ስትገሰግስ አዋሽ ላይ አግኝተዋት አብራቸው ተመለሰች። አዳማ ሆስፒታል እንደደረሱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሐኪሙ ትርፍ አንጀታቸው ከፈነዳ ከአንድ ቀን በላይ እንደሆነው ለቤተሰቡ አስረድተዋል። አቶ አብተው አራት ቀን ታግለው ትናንት በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ከማዳበሪያው አንድ ጆንያ አልጎደለም። ዲዳ ግን ከስምሪት ውጭ መኪና አዙረሃል ተብሎ ከሥራ ተባሯል።

የድርጅቱ ተወካይ ሆስፒታል መጥቶ ነበር። የመጣው ግን ቀዶ ሕክምናው ገና ሳያልቅ፣ የመኪናውን ቁልፍና የጭነቱን ሰነድ ሊቀበል ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከባለቤታቸው ጃኬት ቁልፉን አውጥተው ሲሰጡት “እንዴት ናቸው?” እንኳ አላለም። ትናንት ማታ ደግሞ የአበባ ጉንጉንና አንድ በኮምፒዩተር የተጻፈ ወረቀት ተላከልን። ወረቀቱ፣ ሟቹ ለረጅም ጊዜ ይዟቸው የኖረ የሆድ ሕመም እንደነበረባቸውና በድርጅቱ ታላቅ እንክብካቤ ይደረግላቸው እንደነበር በዚህ ዜና ሕይወት ውስጥ እንዲነበብ፣ ቤተሰቡም ፈርሞበት ሲመለስ የቀብሩ ወጪ እንደሚሸፈን ይገልጻል። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ ሲያበቁ ያሉት ይህን ነው፦ “ይህን የጻፈው ሰው መጥቶ ራሱ ያንብበው። ባሌ ሆዱን ይዞ ሲደውል ስልኩን ያነሳው ከሆነ፣ እኔም ደውዬለት ድምፁን ስለማውቀው፣ ስሙን መናገር አያስፈልገውም።” ስለዚህ ወረቀቱ አልተፈረመም፣ አበባውም ከግቢው በር አላለፈም። አቶ አብተው የቆየ ሕመም አልነበረባቸውም። የገደላቸው መጠበቅ ነው።

አቶ አብተው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘውድነሽን፣ ልጆቻቸውን ፍሬሕይወትንና ሊዲን፣ አንዲት እህት፣ አራት የእህት ልጆችና ከመቂ እስከ ጋላፊ በስማቸው የሚጠሯቸውን ብዙ የሙያ ወንድሞች ትተው አልፈዋል። ቸሩ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ተተኪ በማይጠበቅበት ማረፊያ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ያድልልን።

ለሾፌሮች አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ዲዳ ሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በዚያ ድርጅት በር ላይ ይቆማል። ጠብ አይፈልግም፤ ሊቀጠር የመጣ ሰው ቢጠይቀው ሊመልስ ነው። ሌላ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩም በየበራችሁ አንድ ሰው አቁሙ። መኪናው አዲስ ቢሆንም ከመፈረማችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁ።